የንጉሡን እጅ የሚያስታጥብ ቤት

ኢየሩሳሌም፣ የዳግም ትንሣኤ ማግሥት፣ በጌታ ልደት 1184

ለባሌ ወንድም ልጅ ለጎቲየር፤ ማርሴይ፣ ገመድ ገማጆች ሰፈር ይድረስ።

ጌታ ከተቀበረባትና ከተነሣባት ከተማ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። ጤና ይስጥልኝ፣ ቤትህን ከእሳት ይሰውርልኝ፣ አንተንም ከክፉ ጎረቤት ይጠብቅልኝ። የመጨረሻዋን ምርቃት ከራሴ ጨምሬያታለሁ፤ ምክንያቷን ወደ ታች ታገኛታለህ።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ ሌላ የማማርረው ነገር የለኝም። አጎትህ አንፍሬ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ሻማ ቤቱን እኔው ይዤዋለሁ፤ ተሳላሚ እስካለ ሻማ ይሸጣል፣ ሻማ እስከተሸጠ ደግሞ ሪሸልዳ አትራብም። ይህን የሚጽፍልኝ የማዶው ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ኤቭራር ነው። እጁ ያምራል፤ አመሉ ግን አይጣል ነው። "ይሄን አልጽፍም፣ ስድብ ነው" እያለ ብዕሩን ያስቀምጥብኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ንጉሣችን ሕመሙ ጠንቶበታል። ዙፋኑ ለእኅቱ ልጅ እንዲሆን ተቆርጧል። ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ሕፃን ነው። መቼ እንደሚነግሥ ቀኑ ባይነገርም ከመጪው ፋሲካ አያልፍም ይላሉ። ዘውድ በተደፋ ቁጥር ግብሩን የምናስተናግደው እኛ የከተማው ባለ ሱቆችና ባለ እጆች መሆናችንን አልረሳህም መቼም። አንዱ ሥጋ ይቆርሳል፣ አንዱ ወይን ያዞራል። የእኛ ቤት ግን ከሁሉ በፊት ነው የሚቀርበው፤ የንጉሡን እጅ የምናስታጥብ እኛ ነን። ከተማይቱ ከተያዘች ጀምሮ፣ ከአያትህ አባት እስከ አጎትህ፣ አንድም ንጉሥ በሌላ ሰው እጅ ታጥቦ አያውቅም።

ደንቡን ልድገምልህ። ሳህኑ በግራ እጅ፣ ማንቆርቆሪያው በቀኝ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው። ሰውየው የቤቱ ደም ይሁን። ተቀጣሪ አይሆንም፣ አማች አይሆንም፣ ሴትማ ጭራሽ። የቤቱ ሰው በዕለቱ ካልተገኘ ቦታው ለጎረቤት ይሰጥና እስከሚቀጥለው ንግሥ እሱ ይይዘዋል። በሚቀጥለውም ካልተገኘ እስከ ወዲያኛው ቀረ። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ከአንፍሬ ደም የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ጎረቤታችን ኮርቻ ሰፊው ሮአር ይህን በደንብ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ "እስቲ ሳህኑን ልየው፣ ለማየት ብቻ ነው እትዬ" አለና አንሥቶ ክብደቱን ሞከረ። የሰው ዓይን እንዲህ ሲያብረቀርቅ አይቼ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ብለህ ሄደህ ይኸው አሥራ አራት ዓመትህ። ወላጆችህ ከሞቱ በኋላ ጡት ብቻ ነው ያላጠባሁህ። በነሐሴ መርከብ ተሳፍረህ ና። ሚስትህንም ይዘሃት ና፤ መልኳን እንኳ አላውቀውም።

አክስትህ ሪሸልዳ


ማርሴይ፣ የቅዱስ ማቴዎስ በዓል፣ 1184

ለምወድዎ እናቴም አክስቴም ለእትዬ ሪሸልዳ፤ ኢየሩሳሌም፣ ከመቃብሩ በር አጠገብ ሻማ ቤት።

ከባሕር ማዶ በግንባሬ ተደፍቼ እጅ እነሣለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ ሻማዎ ነፋስ አይንካው። እኔም ባለቤቴ አላዛይስም ደህና ነን። ልጅ ገና አልሰጠንም፤ እሱ ሲፈቅድ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሰኔ ነው። ካነበብኩት ጀምሮ አንፍሬ ፊት ለፊቴ እንደቆመ ነው። ሳህኑን በክንዱ ላይ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳርፈው አሁንም ይታየኛል። ነገር ግን እትዬ፣ የነሐሴው መርከብ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ቢገኝም ደግሞ በእጄ ትልቅ ሥራ አለ፤ የሦስት መርከብ ሙሉ ገመድ እስከ ልደት አድርስ ተብያለሁ፤ ትቼው ብሄድ ስሜ ይጠፋል። እዚህ ደግሞ ስሙ የጠፋ ገመድ ገማጅ ገመዱን ለራሱ መታነቂያ ብቻ ነው የሚገምደው።

ምናልባት ንግሡ ይዘገይ ይሆናል። ምናልባት ታማሚው ንጉሥ ይሻለው ይሆናል፤ እኔም እጸልይለታለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት በእርግጥ እናስባለን። አላዛይስ አንድ ጆንያ የደረቀ የተራራ ለውዝ ልካለች፤ ቀቅለው ልጠው በማር ይብሉት ትላለች። ለሮአር እንዳያቀምሱት።

ልጅዎ ጎቲየር


ኢየሩሳሌም፣ የፋሲካ ሣልስት፣ 1185

ለጎቲየር፣ ስሙ ለማይጠፋው ገመድ ገማጅ።

ጌታ ተነሥቷል፤ አንተ ግን አልተነሣህም። እንደዚያም ሆኖ ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለሚስትህም፣ ለለውዟም። ከማሩ ጋር በልቼዋለሁ፤ የቀረውን ኤቭራር በኪሱ እያጨቀ ጨረሰው። "ይሄን አልጽፍም" ብሎ ነበር። ጻፈው።

ልጁ ነገሠ። ታማሚው ንጉሥም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆየም፣ አረፈ፤ ነፍሱን ይማር፣ መከራውን አበቃ። ግብሩን ልንገርህና እርር በል። በዚህ ክረምት ዝናብ የሚባል ነገር አላየንም። የከተማው ጉድጓድ ሁሉ ጭቃ ሲሆን የቤታችን ጉድጓድ ብቻ ውሃ ነበረው። ስለዚህ ሮአር ሊያስታጥብ ሲነሣ ሳህኑ የኛ፣ ማንቆርቆሪያው የኛ፣ ውሃው የኛ፤ እጁ ብቻ የሮአር። የደማስቆ ጽጌረዳ ውሃ ጠብ ያደረግሁበትም እኔ ነኝ። ምን ላድርግ፣ የአንፍሬ ሳህን ሽታ በሌለው ውሃ እንዲወጣ ክብሬ አልፈቀደም።

እኛ ሴቶቹ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ቆመን እናያለን። ሮአር ደረቱን ነፍቶ ቀረበ። ንጉሡ አንዴ ጣቱን ነክሮ ሊያበቃ ሲገባው ልጅ አይደል፣ ሁለት መዳፉን ሳህኑ ውስጥ ከተተና ውሃውን ያንቦጫርቅ ጀመር። ጌቶቹ ሁሉ ተርበው ቆመዋል፣ ሥጋው እየቀዘቀዘ ነው፣ ማን "ይበቃል" ይበለው? የሮአር ክንድ ከክብደቱ የተነሣ ዝቅ እያለ ሄደ። ውሃው በእጅጌው ገብቶ በክርኑ ወጣ። ከጎኔ የቆመችው የዓሣ ሻጩ ሚስት፣ "እትዬ፣ ያ ሰውዬ ነው የሚታጠበው ወይስ ንጉሡ?" ስትለኝ መጋረጃውን ነክሼ ነው ሳቄን ያቆምኩት።

ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

እንግዲህ ቦታው የሮአር ነው። ንጉሡ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጣዩን ንግሥ ለማየት መቶ ሃያ ዓመት መኖር አለብኝ። እሞክራለሁ። ሮአር በየቀኑ ከቤቱ በር ላይ ቆሞ "እትዬ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ቤት ብናዛውረው አይሻልም?" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ሳህኑ ደረጃ መውረድ ይፈራል" እለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንፍሬ ፊደል ሲያስቆጥርህ ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረችው ነበር የሚመስለው። አሁን መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ብሏል። ማነው የሚጽፍልህ? እጅህ ምን ሆነና?

አክስትህ ሪሸልዳ


ማርሴይ፣ የመስቀል በዓል ሰሞን፣ 1185

ለእትዬ ሪሸልዳ፤ ከልጅዎ።

የሰማይ ጠል በጣሪያዎ ላይ ይውረድ፤ ጉድጓድዎ አይንጠፍ። ስለ ድርቁ ሰምተን ደነገጥን። እኛ ደህና ነን።

ቁጣዎን ተቀብያለሁ፣ ይገባኛል። ግብሩን ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ጽሕፈቱ የአላዛይስ ነው። አባቷ ውል ጸሐፊ ነበሩና ከእኔ ይልቅ እጇ ያማረ ነው፤ ለምን በዶሮ ጭረት ዓይንዎን ላድክመው ብዬ ነው። እመጣለሁ ያልኩትን አልረሳሁም። ዘንድሮ ግን አንድ ሠራተኛ ታሞብኝ፣ የገመድ ቤቱም ጣሪያ እየፈሰሰ ነው። ሲመቸኝ እነግርዎታለሁ። ለንጉሡ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። የሮአርም እጅጌ ይድረቅለት።

ልጅዎ ጎቲየር

እትዬ፣ ይህ ከዚህ በታች ያለው የእሱ አይደለም። አላዛይስ ነኝ። እሱ አሁን ሥራ ቤት ነው፤ ደብዳቤውን ሳላሽገው የጨመርኩት ነው። ጣሪያችን አይፈስም፤ የታመመም ሠራተኛ የለም። የዛሬ አራት ክረምት የገመዱ መዘውር ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ ወሰደው። ከሞት የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አሁን ያሠራል እንጂ አይሠራም። ይስቃል፣ ይበላል፣ ከእኔ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ደህና ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ ነው ፊቱ የሚጠቁረው። "ያሳደገችኝ ሴትዮ ሳህን የሚይዝላት ሰው ነው የምትጠብቀው፤ በምን እጄ ሄጄ ፊቷ እቆማለሁ?" ይላል። እባክዎ እንደማያውቁ ሆነው ይጻፉ። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነኝና ቢጠቅሱት ይገባዋል። ግን ዝምም አይበሉን።


ኢየሩሳሌም፣ ሆሣዕና፣ 1186

ለልጄ ለጎቲየርና ለልጄ ለአላዛይስ።

ሰላም ለሁለታችሁም። የምትበሉት ይጣፍጣችሁ፣ የምትተኙበት ይሙቃችሁ። ክረምቱን ሙሉ መርከብ ስለሌለ መልሴ ዘገየ እንጂ ልቤ አልዘገየም።

ዘንድሮ እግዚአብሔር ታርቆናል። ዝናብ ጥሏል። ከዚያም በፊት የልጁ ንጉሥ ሞግዚት ከወዲያኛው ሱልጣን ጋር የአራት ዓመት ዕርቅ አድርጎ እህሉ ከዮርዳኖስ ማዶ በግመል ሲጋዝ ከረመ። እንዲህ ያለ ጥጋብ አላየሁም። መንገዱ ሰላም ስለሆነ ተሳላሚው ጎርፍ ነው። ሦስት ሠራተኛ ይዤ እንኳ ሻማ አላደርስም። ሰዉ "የልጁ እግር እርጥብ ነው" ይላል። ልጁ አሁን በወደብ ከተማው በአኮ ነው፣ ከአያቱ ወንድም ዘንድ ያድጋል። የባሕር አየር ይስማማዋል ብለው ነው፤ ጤናው ብዙም አይደለም መሰል።

ስለ ንግሡ ዕለት ያልነገርኩህ ነገር ነበረ። ተናድጄ ስለነበር ዘልዬዋለሁ። ከመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ደፍቶ ሲወጣ እስከ ቤተ መቅደሱ በእግር መሄድ ደንብ ነው። ልጁ ግን ትንሽ ነው፤ በእነዚያ ሁሉ ጌቶች መካከል ቢሄድ ዘውዱ ከሰው ቀበቶ በታች ሊሆን ነው። ምን አደረጉ መሰለህ? ከጌቶቹ ሁሉ የረዘመው ጎንበስ ብሎ በትከሻው ተሸከመው። እኔ ከሻማ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሆኜ አየሁ። ልጁ የሰውየውን ፀጉር በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። መንገድ ሙሉ ሰው ነበረ፤ የሳቀ የለም፤ "ይሄ ምን ንጉሥ ነው፣ እግሩ እንኳ የራሱ አይደለም" ያለም የለም። ሁሉም ተንበረከከ። በሰው እግር ሄዶም ንጉሥ ነበረ። ሮአር እንኳ ተንበርክኮ አይቼዋለሁ፤ ያ ሰው ደግሞ ለማንም የሚንበረከክ አይደለም።

ለምን እንደጻፍኩልህ እንጃ፤ በልቤ ስለቆየ ነው።

እንግዲህ ስለ ሳህኑ ከእንግዲህ አላነሣብህም። ቦታው የሮአር ነው፤ ልጁ ሃምሳ ዓመት ይንገሥልን፣ ሮአርም ሃምሳ ዓመት እጅጌውን ያርጥብ። አንተን የምፈልግህ ለንጉሥ እጅ አይደለም። ጓሮው ውስጥ ያለችው በለስ በየዓመቱ ታፈራለች፤ ብቻዬን በልቼ አልጨርሳትም፤ ወፍ ነው የሚበላት። መጥተህ ብላልኝ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

አክስትህ ሪሸልዳ


ማርሴይ፣ የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት፣ 1186

እትዬ፣ ይህን መስመር በራሴ እጅ ጻፍኩት። ግራ እጄ ነው። ዶሮዋ ተመለሰች።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላዛይስ ትቀጥላለች፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የትከሻውን ታሪክ ስታነብልኝ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ምን ሆንሽ ስላት ምንም አለች። እኔ ግን ሚስቴን አውቃታለሁ፤ አውጣጥቻት ለእርስዎ የጻፈችውን ነገረችኝ። አንድ ቀን ሙሉ አኩርፌያት ዋልኩ። ማታ ላይ "ስንት ዓመት ነው እንዲህ የምትኖረው?" አለችኝ። ብዕሩን አምጪ አልኳት።

አዎ፣ እጄ የለም። መዘውሩ በዓይን ቅጽበት ነው የወሰደው፤ ሕመሙም የመጣው በኋላ ነው። የአንፍሬ ቤት ከእኔ እጅ ጋር አብሮ የተቆረጠ መሰለኝና ልነግርዎ አልቻልኩም። በየዓመቱ ውሸት ፈለግሁ። መርከቡም አልሞላም ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ።

አሁን ግን ቦታው በሰላም ሮአር ዘንድ ስላለ ያለ ፍርሃት እመጣለሁ። በነሐሴው መርከብ ሁለታችንም እንሳፈራለን፤ በመስከረም መጀመሪያ አኮ እንወርዳለን። ለንጉሡ ስጦታ ሠርቼለታለሁ። ዥዋዥዌ ነው። ገመዱን በግራ እጄና በጥርሴ ገምጄ፣ መቀመጫውን ከወይራ እንጨት አሠርቼ። አኮ ስንደርስ በሩ ድረስ ወስጄ ለዘቦቹ እሰጣለሁ። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ዘውድ ይጠላ ይሆናል እንጂ ዥዋዥዌ አይጠላም።

በለሷን ለወፍ አያስበሉብኝ።

ጎቲየር


ኢየሩሳሌም፣ መስከረም፣ የእመቤታችን ልደት ዋዜማ፣ 1186

ለጎቲየር፤ አኮ ወደብ፣ ሰም ነጋዴው ዘንድ ተቀምጦ ሲወርድ ይሰጠው።

እንኳን ለመሬት አበቃችሁ። ይህን ስታነቡ ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ አይቀርም፤ ልጁ ንጉሥ አርፏል። በዚያው በአኮ ነው ያረፈው። ለብቻው የነገሠው ዓመት ከጥቂት ወር ነው። አስከሬኑን ወደዚህ አምጥተው ከነገሥታቱ ጋር አሳርፈውታል።

ሌላ ንግሥ ተቆርጧል፤ እናቱ ነች የምትነግሠው፣ ከባሏ ጋር። ቀኑ ቅርብ ነው። የከተማው ሽማግሌዎች ትናንት መጥተው "የአንፍሬ ቤት ሰው ይቀርባል ወይስ አይቀርብም?" ብለው ጠይቀውኛል። ሮአርም አብሯቸው ነበር። መልስ አልሰጠሁም። ኑ።

ሪሸልዳ


አኮ፣ ከእመቤታችን ልደት በኋላ ሦስተኛው ቀን

ለእትዬ።

በደህና ወርደናል። አላዛይስ መርከብ ላይ አሥር ጊዜ አስመልሷት አሁን እንደ ተኩላ ትበላለች። ስለ ልጁ ወደቡ ላይ ሰማን። ዥዋዥዌውን የምሰጠው አጣሁ። አንዲት የዘብ ሚስት አምስት ልጆች ይዛ አየሁና ለእሷ ሰጠኋት።

ደብዳቤዎን ሦስቴ አስነበብኩ። ኑ ብለው ብቻ ነው የጻፉት፤ ቅረብም አትቅረብም አላሉም። እኔ ግን የሚፈልጉትን አውቃለሁ፤ ልጅዎ አይደለሁ? ደብዳቤዎ የተነበበልኝ ዕለት በመጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ወደ መርከቡ መመለስ ነበር። አልዋሽዎትም፣ ዕቃዬን ይዤ እስከ መርከቡ መሳፈሪያ ሄጃለሁ። ከዚያ ልጁ የሰውየውን ፀጉር ጨምድዶ የሄደው ትዝ አለኝና ተመለስኩ።

ከማደሪያችን ባለቤት የሊጥ ገበታ ተውሼ ልምምድ ጀምሬያለሁ። ሳህኑን በተቆረጠው ክንዴ ላይ በጨርቅ አስሬ አሳርፈዋለሁ፣ በግራዬ ውሃ አፈሳለሁ። አላዛይስ ንጉሥ ሆና ተቀምጣ እጇን ትዘረጋለች፤ ክፉ ንጉሥ ናት፣ "ቀዘቀዘ፣ አፍስስ፣ ኧረ ቀስ!" ትላለች። ትናንት ጫማዋን አራስኩት፤ ዛሬ ያፈሰስኩት ግማሹን ብቻ ነው። ደንቡ ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ነው የሚለው፤ ክንድ እጅ አይደለም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። የአንፍሬን ቦታ በእኔ ምክንያት አያጡም። ነገ ጠዋት ከተሳላሚዎች ጋር እንነሣለን፤ በናብሉስ በኩል፣ በአምስተኛው ቀን በእስጢፋኖስ በር እንገባለን። ለሽማግሌዎቹ "ይቀርባል" ይበሏቸው።

ጎቲየር


ኢየሩሳሌም፣ የእስጢፋኖስ በር ሥር፣ የንግሡ ዕለት

ልጄ ጎቲየር፣

ይህ ደብዳቤ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ዛሬ ዘውዱ እስኪደፋ ማንም እንዳይገባ፣ ማንም እንዳይወጣ ተብሎ በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ጌቶቹ ተጣልተዋል ይባላል፤ የእነሱ ነገር አያልቅም። አንተ በአምስተኛው ቀን ብለሃል፤ አምስተኛው ቀን ዛሬ ነው። ስለዚህ ከበሩ ግርጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ኤቭራርንም አስከትዬው መጥቻለሁ፤ የግብሩ ጥብስ ቀረብኝ ብሎ እያጉረመረመ ነው የሚጽፈው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ያሰብኩትን አንድ በአንድ ላስጽፈው፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ አፌ ይያዝ ይሆናል።

ልጁ የሞተ ዕለት ለቀብሩ ሁለት መቶ ሻማ አድርሺ ተባልኩ። ፈትል እየቆረጥኩ ሳለ በመጀመሪያ ምን አሰብኩ መሰለህ? "ሌላ ንግሥ አለ" ነው ያልኩት። "ጎቲየር እየመጣ ነው፣ ሌላ ንግሥ አለ፣ ቦታችን ሊመለስ ነው።" ደስ አለኝ፣ ልጄ። በዘጠኝ ዓመት ሕፃን ሞት ደስ አለኝ። ፈትሉ ከእጄ ወደቀ። ኤቭራር ይህን አልጽፍም ይላል። ጻፍ፣ እውነት ነው።

ከዚያ ሣጥኑ በሱቄ በር ፊት አለፈ። አጭር ነው። ሠረገላው ላይ ግማሽ ቦታ ተርፎ ነበር። ያኔ በዚያ ልጅ ሞት የሚመጣ ክብር ቤቴ እንዳይገባ ቆረጥኩ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ ግን ወዲያው "አይቀርብም" ማለት አቃተኝ፤ ሰማንያ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ቃል አይጣልም። ደብዳቤዬ ያጠረው ለዚያ ነው።

የአንተ መልስ ሲደርሰኝ፣ በጨርቅ አስረህ፣ ሊጥ ገበታ ይዘህ፣ የሚስትህን ጫማ ስታርስ ታየኸኝና ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ተነሣሁ። ሳህኑንና ማንቆርቆሪያውን በአሸዋ ፈትጌ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ደረጃውን ወርጄ ወደ ሮአር ቤት ሄድኩ። "ይኸው" አልኩት። "ለዛሬው ብቻ አይደለም፣ ለልጅ ልጅህ።" ጥቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከዚያ፣ "እትዬ፣ ጎቲየርኮ እየመጣ ነው ብለሽ ነበር" አለኝ። "ለዚያ ነው የምሰጥህ" አልኩት። አልገባውም። ሚስቱ ግን ገብቷት እጄን ሳመችኝ። ለካ ደህና ሴት ኖራለች፤ ሠላሳ ዓመት ሳላውቃት ኖርኩ።

አንተ እንደምትችለው አውቃለሁ። ሁሉም ዓይን እያየህ፣ ጥርስህን ነክሰህ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ታስታጥባቸው ነበር። ግን ልጄን ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የማየው ጌቶች አንጓውን ቆመው ሲመረምሩት እንዲሆን አልፈልግም። ቅር ይልህ ይሆናል። ቅር ይበልህ፤ ቤት ገብተህ ታኮርፈኛለህ።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል፣ ዘውዱ ተደፍቷል ማለት ነው። ከተማው በሙሉ ወደ ግብሩ እየጎረፈ ነው። በረኛው ከላይ ሆኖ፣ "እናቴ፣ ግብሩ በወዲያ በኩል ነው፣ መንገድ ጠፋብሽ?" አለኝ። "የኔ እንግዳ ከውጭ ነው" አልኩት። "እስቲ ዓይን ካለህ ተመልከትልኝ፤ አንድ እጅጌው የታጠፈ ሰው ታያለህ?" "ብዙ ሰው ነው ያለው" አለ። ቆየና ደግሞ "አንዲት ሴትዮ የዘቡን አለቃ በጣቷ እየጠቆመች ትቆጣዋለች፤ አጠገቧ የቆመው ሰውዬ በግራ እጁ አፉን ይዞ ይስቃል" አለኝ።

ኤቭራር፣ ብዕርህን ጠቅልል። ቁልፉ እየዞረ ነው፤ የቀረውን በአፌ እነግራቸዋለሁ።